ከሣሩ በታች ያለው ገረጋንቲ

በአዲስ አበባ ዳር ዳር በተሠሩት የመኖሪያ መንደሮች በነሐሴ ብትዞሩ የየግቢው ሣር ሁሉ ያምራል። ዝናቡ ጉዱን ሸፍኖታል። የካቲት ላይ ተመለሱና እዩት። አንዱ ጥግ ቢጫ፣ አንዱ ጥግ ራሰ በራ፣ መሐሉ ደግሞ እንደ አስፋልት የጠነከረ መሬት። ባለቤቱ የውሃ ጎማ ይዞ ሲያርከፈክፍ ያመሻል፤ ውሃው ግን መሬት ውስጥ አይገባም፣ በግቢው በር ሥር ሾልኮ መንገድ ላይ ይተኛል። ይህ የሚሆነው ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ነው። ሁለት መንደር አልፎ ጀሪካን አሰልፎ የሚጠብቅ ሰው ባለበት ከተማ።

ብዙዎች ጥፋቱን በሣሩ ላይ ያላክካሉ። «ዝርያው ጥሩ አይደለም»፣ «ነጣፊው አታለለኝ»፣ «ማዳበሪያ አነሰው»። ሣሩ ምንም አላጠፋም። ሰርዶ ቢሉት ኪኩዩ፣ ሁለቱም ለዚህ አገር እንግዳ አይደሉም፤ የመንገድ ዳር ጠጠር ሰንጥቀው የሚወጡ ጠንካሮች ናቸው። እነሱ ካቃታቸው ከሥራቸው ያለውን መመርመር ይሻላል።

ቤት ሲሠራ መጀመሪያ የሚሰናበተው የላይኛው አፈር ነው። ቁፋሮው ሲጀመር ተዝቆ በመኪና ይሄዳል። በምትኩ ገረጋንቲ ይመጣና በሮለር ይጠቀጠቃል። ለመሠረቱ ትክክል ነው፤ በጥቁር አፈር ላይ በቀጥታ የተሠራ ቤት ግድግዳው እንደሚሰነጠቅ የማያውቅ ግንበኛ የለም። ችግሩ መኪናውም ሮለሩም ቤቱን አልፈው ግቢውን ሁሉ መደልደላቸው ነው። ርክክቡ ሲቃረብ የብሎኬት ስብርባሪው፣ የተረፈው ሲሚንቶ፣ የሴራሚክ ቁራጩ እዚያው ይስተካከላል፤ በላዩ ጥቂት ጣት አፈር ይበተናል፤ ሣር ይነጠፋል። ገዢው ቁልፍ ሲቀበል ግቢው አረንጓዴ ነው። ቧንቧውን ከፍቶ፣ መብራቱን አብርቶ፣ በሩን ቆልፎ ያያል። አካፋ ይዞ ግቢውን የሚፈትሽ ገዢ ግን እምብዛም ነው።

አንድ ጡረተኛ የባንክ ሠራተኛ በአራት ዓመት ውስጥ ሣሩን ሁለት ጊዜ አስነቅለው ሁለት ጊዜ አስነጥፈዋል። ለሦስተኛው ሲዘጋጁ ግቢውን የሚያጸዳላቸው ወጣት፣ «ጋሼ፣ ሣሩን ቢቀያይሩት ምን ዋጋ አለው? እስቲ መጀመሪያ መሬቱን በድጅኖ እንየው» አላቸው። በአራት ጣት ጥልቀት ድጅኖው ነጥሮ ተመለሰ። ሲያሰፉት ከነወረቀቱ የደረቀ የሲሚንቶ ከረጢት ወጣ። «ለካ እኔ ስጋጃ ነው ስገዛ የኖርኩት፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ውስጥ ግን ንዴት ነበረበት፤ የጡረታ ገንዘብ ነውና።

ደስ የሚለው፣ እንዲህ ያለ መሬት ሣሩ ሳይነቀል ይድናል። ከረጢቱና ትልልቁ ስብርባሪ በእርግጥ ይውጣ። የቀረው ከላይ ወደ ታች በትዕግሥት የሚሠራ ነው።

ከሁሉ በፊት አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ይታወቅ። ከየጥጉ ጥቂት አፈር ወስዳችሁ በላስቲክ ጠርሙስ ሦስተኛውን ሙሉ፣ ውሃ ጨምሩ፣ በደንብ ናጡና አስቀምጡት። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ከታች ይቀመጣል፤ ደለሉ ሰዓታት ይፈጃል፤ ሸክላው ውሃውን ለቀናት ሊያደፈርሰው ይችላል። ቀጥሎ ደረቅ አፈር ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉ። ከተንፏፏ ውስጡ የሲሚንቶና የኖራ ትራፊ አለ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ምክር ጉዳት ያመጣል። የአገሪቱ የደጋ አፈር በአሲድ የተጠቃ መሆኑ፣ ከሚታረሰው መሬት ወደ 43 በመቶው ይህ ችግር እንዳለበት ደጋግሞ ስለሚነገር፣ «ኖራ በትኑበት» የሚል አይጠፋም። እንጦጦ ሥር ላለ ቀይ አፈር ምክሩ ሊሠራ ይችላል። ሲሚንቶ ለተቀበረበት ግቢ ግን በቁስል ላይ እንጨት ነው፤ ብረትን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች ለሥሩ እንዳይደርሱ ያደርግና ቅጠሉን የባሰ ያገረጣዋል።

ከዚያ መቦርቦር ነው። በመንሽ ወይም በቀጭን ድጅኖ፣ ከአሥር ሴንቲ ሜትር በማያንስ ጥልቀት፣ ስንዝር ባልሞላ ርቀት። መሬቱ ሲደርቅ አይበገርም፤ ሲጨቀይም ቀዳዳው ይለሰንና ውሃ የማያሳልፍ ይሆናል። ጥሩ ጊዜው ከአንድ ቀላል ዝናብ በኋላ፣ በበልግ ወይም ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በግንቦት ነው። በቀዳዳዎቹ ላይ በወንፊት የተነፋ፣ በደንብ የበሰለ ብስባሽ ይበተንና በመጥረጊያ ወደ ውስጥ ይጠረጋል። ውፍረቱ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይለፍ፤ የሣሩ ጫፍ መታየት አለበት። በዓመት ሁለት ጊዜ ይህን ማድረግ ነው። ትሉ ሲመጣ ቀሪውን ማረስ እሱ ይረከባል፤ ብስባሹን ወደ ታች እየወሰደ፣ መንገድ እየከፈተ።

በስሌት እንየው። መቶ ካሬ ሜትር ሣር በግማሽ ሴንቲ ሜትር ለመሸፈን የሚያስፈልገው ግማሽ ሜትር ኩብ ብስባሽ ነው። አሥራ ስድስት ሜትር ኩብ የሚጭን አንድ ሲኖትራክ አፈር ለዚያው ግቢ ያዘዘ ሰው ሣሩን አንድ ስንዝር ሊጠጋ ምንም ባልቀረው አፈር ይቀብረዋል። የሚታዘዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ «የጫካ አፈር» የሚባለው ነው። ስሙ ያምራል። የጫካ አፈር ማለት ግን ከዛፍ ሥር የተገፈፈ አፈር ነው፤ አንድ ጣት ውፍረት ለመሆን የሰው ዕድሜ ከዚያም በላይ የፈጀበት። በየክረምቱ ችግኝ ትከሉ በሚባልበት አገር የተራራን ቆዳ ገፍፎ ግቢ ማልበስ ምን ዓይነት አረንጓዴነት እንደሆነ ሻጩም ገዢውም ቢጠየቁ መልስ የሚኖራቸው አይመስልም።

ብስባሹ ከየት ይምጣ? ከወጥ ቤት። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን እንጨት፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ በቀን ሦስት ጊዜ የሚደፋ የቡና አተላ። ይህ ሁሉ አሁን በፌስታል ታስሮ በቆሻሻ መኪና ይሄዳል። ከከተማዋ ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነገር ነው፤ እርጥብ ስለሆነ ለማቃጠል እንኳ አይመችም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የተደረመሰው ክምር ከ110 በላይ ሰዎች ገድሏል። የአንድ ግቢ ብስባሽ ጉድጓድ ያንን ያስቀር ነበር ማለት ማጋነን ነው። ግን ያ ክምር ከእያንዳንዱ ቤት የወጣ ፌስታል ድምር ነበር፤ ብዙ ሣር ያላቸው ቤቶችም ከላኪዎቹ መካከል ናቸው።

እበት ያለው ሰው የበለጠ የታደለ ነው። ገጠር ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ ማገዶ የለምና አይፈረድም፤ በከተማው ዙሪያ ያሉ የወተት ላም አርቢዎች ግን መጣያ አጥተው ይቸገራሉ። ትኩሱን በሣር ላይ ማፍሰስ ግን ሣሩን ይለበልበዋል። ከቅጠልና ከገለባ ጋር ተደራርቦ፣ አልፎ አልፎ እየተገላበጠ ወራት ይቆይ፤ ሽታው የእርጥብ መሬት ሽታ ሲሆን ደርሷል። ሰጋቱራን ብቻውን መበተንም ስህተት ነው፤ ሲበሰብስ ለራሱ የሚያስፈልገውን ናይትሮጅን ከሣሩ ይቀማል።

ዩሪያ? ይሠራል። 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ በተበተነ በሳምንት ግቢው ይለመልማል። ጥቅጥቁን መሬት ግን አይከፍተውም፣ ውሃም አያስይዘውም፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቢጫው ይመለሳል። ደግሞም በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ማዳበሪያ አጣን ያሉ ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ መጥተው አቤት ማለታቸውን ያስታወሰ ሰው፣ ለእግር መርገጫ ሣር ከረጢት ሲያስጭን እጁ ትንሽ ቢያመነታ ደግ ነው።

ጥቁር አፈር ላይ፣ ወደ አቃቂና ቦሌ ዳርቻ፣ ነገሩ የራሱ ጠባይ አለው። ይህ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን ሰዎች እንደ በሽታ አይተው አሸዋ ይሞሉበታል። አሸዋና ሸክላ ግን መጠኑ በጣም ካልበዛ በቀር ተጣብቀው ሌላ ብሎኬት ይሆናሉ። ስንጥቁ ያለ ድጅኖ የተቆፈረ ቀዳዳ ስለሆነ ብስባሽ ይጠረግበት፤ ክረምት ሲመጣ መሬቱ ራሱ ውጦ ያዋሕደዋል። የውሃ መተኛቱን ደግሞ ገበሬው ድሮ መልስ ሰጥቶበታል። ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ አካባቢ፣ አፈሩን ከፍ ያለ መደብ አድርገው በመካከሉ ቦይ ይተዋሉ፤ ያንን በእጃቸው ነው የሚሠሩት። ለግቢም መሐሉን በብስባሽ ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግና በአጥሩ ሥር ቦይ ማውጣት ይበቃል።

አጨዳው ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሣሩን እስከ መሬት መላጨት ይቅር፤ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶውን ብቻ። የታጨደው ደቃቅ ሣር እዚያው ይቅር፣ ምግብ ነው፤ በጆንያ ሞልቶ አውጥቶ ማዳበሪያ መግዛት የእናትን ወተት ደፍቶ የዱቄት ወተት እንደመፈለግ ነው። ውሃ ደግሞ በየቀኑ ላይ ላዩን ከማርከፍከፍ በሳምንት አንዴ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት፤ ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። ፈረቃ ላለበት ቤት ይኸኛው ይስማማል።

ጡረተኛው ሦስተኛውን ሣር አላስነጠፉም። ለሣር የያዙት ገንዘብ ግማሹ ለወጣቱ የሥራ ክፍያ፣ ጥቂቱ ለወንፊትና ለመንሽ ዋለ። የመጀመሪያው ዓመት ብዙም ለውጥ አልታየም፤ ባለቤታቸውም «ይኼ አተላ ቤቱን አሸተተው» ብለው አማርረዋል። በሁለተኛው በጋ መሐሉ አልነጣም፤ ድጅኖውም ስንዝር ያህል ገባ።

ሁሉም ቦታ ግን ሣር አይሆንም። መኪና ቀን በቀን የሚዞርበት ጥግና ከባሕር ዛፍ ሥር ያለው መሬት ምንም ቢመገቡ ይመለጣሉ። እዚያ ላይ በመካከሉ ውሃ የሚያሳልፍ ጠፍጣፋ ድንጋይ መደርደር ይረክሳል። ባሕር ዛፉ የጎረቤት ከሆነ ደግሞ በሽምግልና የሚያልቅ ሌላ ጉዳይ ነው።