ብሎኑ እምቢ ያለበት ፓራውልት

የላንድክሩዘሯ እቃ ዛሬ ገባ። ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጭኖ፣ በብርድ ልብስና በካርቶን ተጠቅልሎ ዋግ፣ ሰቆጣ ወረደ፤ አንድ ፓራውልት፣ አንድ ፖርቶመጋላ፣ አምስት ቸርኬ፣ የሁለት ወንበር ብረት፣ የባትሪ ማስቀመጫ። ባለቤቱ ከክረምት ጀምሮ በየሻይ ቤቱ ሲያወራለት የከረመው ፓውደር ኮት ይኸው ነው። ብርድ ልብሱ ሲገለጥ ተረበኛው ሁሉ ለአፍታ ዝም አለ። ጥቁር ነው፣ እኩል ነው፣ የብሩሽ ዱካም የወረደ ጠብታም የለበትም። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው በጥፍራቸው ኳ ኳ አደረጉት።

«በምን ደረቀ?»

«ተጋግሮ ነው አባባ። 200 ዲግሪ።»

«ታዲያ ድፎ ነው በለኛ!»

ሳቁ የደረሰው እስከ ጋራዡ በር ብቻ ነው። ፓራውልቱ ከሻንሲው ጋር ሊታሰር ሲል ብሎኑ አንድ ዙር ገብቶ ቆመ። የረጩት ሰዎች ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ስለረጩት ጥርሱ ውስጥ ቀለም ተጋግሮበታል። ወጣቱ ረዳት በጉልበት ሊያስገባው ሲታገል መካኒኩ ቁልፉን ከእጁ ነጠቀው። ቀጥሎ የባትሪ ማስቀመጫው ተራ ደረሰ። ገጠሙት፣ ኔጋቲቭ ገመዱን አሰሩት፣ ቁልፍ ዞረ፤ መኪናዋ ጭጭ። የተጋገረው ሽፋን ፕላስቲክ ነው፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ገመዱ የሚያርፍበት ቦታ ብረቱ እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት ተፋቀ። ያን ሁሉ ብር የከፈለበት ሰው ይህን ቆሞ ማየት አልቻለም፣ ሻይ ሊጠጣ ወጣ።

ሙያውን ግን መስደብ አይገባም። ፓውደር ኮት እውነትም ድንቅ ነገር ነው። ኤርዊን ገመር የተባለ ጀርመናዊ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የጋለ ብረት በአየር በሚንሳፈፍ የፕላስቲክ ዱቄት ውስጥ እየነከረ የጀመረው ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ የኤሌክትሮስታቲክ መርጫው መጣ። ዱቄቱ ከአፈሙዙ ሲወጣ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ቮልት ይሞላል፤ ብረቱ ከመሬት ጋር ስለተያያዘ ይስበዋል። ከዚያ ምድጃ ይገባል። ብረቱ ራሱ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ሲቆይ ዱቄቱ ይቀልጣል፣ እርስ በርሱ ይተሳሰራል፣ ይጠነክራል። የሚቀረው ሽፋን ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 80 ማይክሮን ነው። ለዓይን ምንም አይደለም፤ በብሎን ጥርስ በሁለቱም ጎን ሲያርፍ ግን ዛሬ እንደታየው ሥራ ያስቆማል።

አዲስ አበባና ዙሪያዋ ይህ ሥራ በብዛት ያለው በአሉሚኒየም በርና መስኮት፣ እንዲሁም በብረት የቢሮ ዕቃ ፋብሪካዎች ነው። የመስኮት ብረት የብሎን ጥርስ የለውም፣ የባትሪ ገመድም አይታሰርበትም። ስለዚህ «ይህን ቀዳዳ ድፈኑ፣ ይህን ፊት ባዶ ተዉ» የሚል ወረቀት ከእቃው ጋር አብሮ መጫን አለበት። ሙቀት የሚችል ፕላስተርና የሲሊኮን ቡሽ ይበቃል። በተለይ ቸርኬው! የጎማው ብሎን የሚቀመጥበት ሾጣጣ ቦታ ላይ ወፍራም ሽፋን ካለ፣ ሽፋኑ በሩጫ ይሳሳል፣ ብሎኑም ይላላል። ዋግ ቁልቁለት ላይ ጎማ ቀድሞ ሲሄድ ማየት ደግሞ ቀልድ አይደለም። መካኒኩ አምስቱንም ቸርኬ አንድ በአንድ ፍቆ ነው የመለሰው።

ይህን ከፎርኖ ጋር የሚያምታቱት አሉ። ዛሬም ጋራዡ በር ላይ አንዱ «ሙሉ አካሏን ለምን አልጋገርካትም?» እያለ ሲከራከር ነበር። የመኪና አካል የሚቀባበት ፎርኖ በፈሳሽ ቀለም ነው የሚሠራው፤ ሙቀቱም ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ቢደርስ ነው። 200 ዲግሪ ውስጥ ጎሚኒ፣ ሽቦና ዳሽቦርድ ምን እንደሚሆኑ ማሰብ ይበቃል። ስቱኮም ያንን እሳት አይችልም። ሰቆጣ ውስጥ ደግሞ ስቱኮ ያልበላች መኪና ካለች ባለቤቷ ይምጣና ይንገረን። አንዳንዶቹ ከላሜራው ስቱኮው ይበዛል።

መኪናዋ ራሷ ከየት መጣች ከተባለ፣ ከሐራጅ። ነገር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ከባሕር ዛፍ ሥር ቆመው የሚበሰብሱትን መኪኖች ያላየ አለ? አንዲት ላንድክሩዘር መጀመሪያ ለባትሪ ትቆማለች። ባትሪው ግዥ ላይ ነው ይባላል። ዓመት ሳይሞላ ጎማዋ ሌላ መኪና ላይ ይታያል። ቆይቶ ስፖኪዮዋ የለም፣ ቆይቶ ዲናሞዋ የለም፣ በመጨረሻ ጋቢናው ውስጥ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። ከዚያ ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው አበል አለው። ባትሪው ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ ከኮሚቴው ስብሰባ ምሳ በረከሰ። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አላጠፋም፣ መኪናዋ ግን የለችም። የቀረው አጽሟ «ባለበት ሁኔታ» ተብሎ ይሸጣል።

የሚያናድደው ደግሞ የእነዚህ መኪኖች ታሪክ ከዚህ አገር ታሪክ ጋር መጣበቁ ነው። ጥቅምት 1977 ዓ.ም. ጋዜጠኛው ማይክል ቡርክና የካሜራ ባለሙያው ሞሐመድ አሚን ከኮረም ያነሱት ረሃብ በቢቢሲ ታየ። ቶዮታ የ70 ሲሪስ ላንድክሩዘርን ለገበያ ያቀረበው በዚያው ሰሞን፣ በኖቬምበር 1984 እ.ኤ.አ. ነው። ማንም አስቦበት አይደለም፣ እንዲያው ገጠመ። ከዚያ በኋላ ዋግ ነጭ ላንድክሩዘርን ያወቀው ከስንዴ ጋር ነው። ነጭ መኪና ከታየ ወይ እርዳታ መጥቷል፣ ወይ ቆጣሪ መጥቷል፣ ወይ ፎቶ አንሺ መጥቷል። ልጅ ሆኖ ከኋላዋ አቧራ እየጠጣ ያልሮጠ የሰቆጣ ሰው ጥቂት ነው። በዚያች መኪና ውስጥ የሚቀመጠው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር፤ መስኮቱን ዘግቶ የሚሄድ ሌላ ሰው። እና ዛሬ ያ ሁሉ ሰው አንድ ፓራውልት ለማየት ሲጋፋ ለምን እንደሆነ ያልገባው «ሥራ ፈት» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። መኪናዋ የሰፈር ልጅ ናት አሁን። ልዑክ ይመጣል ተብሎ አይደለም የምትወለወለው።

ዋጋውም ሌላ ጉድ ነው። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ማስገባትን አከበደው። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ ያለችውን አሮጌ ማደስ የሀብታም ጨዋታ መሆኑ ቀረ። የኤሌክትሪኩ ይሻላል ብሎ በእሱ እዚሁ ዋግ ውስጥ ጽጽቃ ደርሶ መመለስ የሚፈልግ ካለ ጄኔሬተሩን በሌላ መኪና ያስከትል።

ወደ ቀለሙ እንመለስ፤ ዋናው ክርክር የሻንሲው ነው። መኪናዋ ከሐራጅ በፊት አፋር ሠርታለች፣ ጨው በልቷታል። ሰቆጣ በአሞሌ ዘመን የታወቀች የጨው ገበያ ነበረች፤ የጨውን ጠባይ የሚነግራት አያስፈልግም። ባለቤቱ «ሻንሲውንም አውልቄ ልላከው» ይላል። የአሉሚኒየም ዘንግ 6 ሜትር ስለሚሆን የመስኮት ፋብሪካዎቹ ምድጃ በርዝመት አያንስም። መካኒኩ ግን አሻፈረኝ ብሏል። የ70 ሲሪስ ሻንሲ ሣጥን ነው፣ ውስጡ ባዶ። የተሞላው ዱቄት ወደ ቅርቡ ጠርዝና ወደ ውጪኛው ፊት ይሳባል እንጂ ወደ ሣጥኑ ውስጥና ወደ ጥልቁ ጥግ አይገባም፤ የፋራዴይ ቀፎ የሚሉት ይህንን ነው። ውጪው ሙሽራ ይሆናል፣ ውስጡ ዝገቱን ይቀጥላል።

ከዚያ ደግሞ ድንጋዩ አለ። እዚሁ ዋግ ውስጥ ወደ ሰሃላና ወደ ዝቋላ የወረደ ያውቀዋል፣ ጠጠሩ ከጎማ እየተፈናጠረ የመኪናዋን ሆድ ሲቀጠቅጥ ይውላል። ፓውደር ኮት ጠንካራ ነው፤ ሆኖም አንዴ እስከ ብረቱ ከተሰነጠቀ ውኃው ከሥሩ ይገባና ዝገቱ በሽፋኑ ተከልሎ ይሄዳል። በላይ ያለው ደህና ይመስላል፣ አንድ ቀን በጥፍር ሲነሳ ቁራጩ እንዳለ ይላጣል። ማስተካከሉ ደግሞ ገፎ፣ አሸዋ ነፍቶ፣ እንደገና ምድጃ ማስገባት ነው። ሰቆጣ ላይ የትኛው ምድጃ? አንቲረስትና ብሩሽ ግን ማንኛውም ሱቅ አለ። ከሥር የተጫረውን ቅዳሜ ጠዋት ተኝቶ መቀባት ይቻላል። መካኒኩ የያዘው ነጥብ ይህ ነው፤ መንገድ የሚነካው ክፍል እዚሁ በሚጠገን ነገር ይሸፈን፣ ፖርቶመጋላው፣ የወንበሩ ብረትና ፓራውልቱ ይጋገሩ። ለሣጥኑ ውስጥ ሰም ወይም ዘይት ይገባበታል።

ፀሐይዋም አትረሳ። ሰቆጣ ከ2,200 ሜትር በላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ኢፖክሲ የሚባለው ዱቄት ዝገትን በደንብ ይከላከላል፣ ፀሐይ ላይ ግን አፈር ይመስላል፣ በእጅ ሲነካ ኖራ ይለቃል። ለውጭ የሚሆነው ፖሊስተር ነው። ፖርቶመጋላ በኢፖክሲ ብቻ አስጋግሮ የመጣ ሰው በሁለት በጋ ውስጥ እጁ ነጭ ሆኖ ያየዋል።

«ታዲያ እዚሁ ምድጃ እንሥራ» ያሉም ነበሩ። ላሜራና ብየዳ የሚችል አይጠፋም፣ ችግሩ መብራቱ ነው። ተከዜ ከዋግ ሥር ይፈሳል፤ ግድቡ 188 ሜትር ቁመት አለው፣ 300 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ነው የተሠራው። ከግድቡ እስከ ጋራዡ ያለውን መንገድ መብራት ኃይል ያውቀዋል። ዱቄቱ መቅለጥ ሲጀምር መብራት ሄዶ በማግሥቱ ቢመጣ የሚወጣው ቀለም መልኩ ያማረ፣ በመዶሻ ጫፍ የሚረግፍ ነው። በደንብ መብሰሉና አለመብሰሉ በዓይን አይለይም።

ከመብራቱም የሚከፋው አሸዋው ነው። ዱቄቱ የሚይዘው የጸዳ ብረት ላይ ብቻ ስለሆነ ዝገቱና አሮጌው ቀለም በተነፋ ነገር መነሳት አለበት። እዚህ የወንዝ አሸዋ በነፃ አለ፣ ኮምፕሬሰርም አለ፣ አፉ ላይ ሻሽ ያሰረ የ17 ዓመት ልጅም አለ። በአሸዋው ውስጥ ያለው ሲሊካ ደቅቆ ሳንባ ውስጥ ይቀራል፣ አይወጣም፣ መድኃኒትም የለውም። እንግሊዝ በአሸዋ ብረት መንፋትን በሕግ የከለከለችው በ1949 እ.ኤ.አ. ነው። ሻሽ ምንም አያደርግም። በትክክለኛ ጭምብልና ሲሊካ በሌለው መንፊያ ካልሆነ ለቸርኬ ሲባል አንድም ልጅ እዚያ መቆም የለበትም፤ በሽቦ ብሩሽ ቢፋቅ፣ ቢያስጠላም ይሻላል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

በሌላው ነገር ባለቤቱና መካኒኩ ተስማምተዋል። ፓራውልቱ ጥርሱ ጸድቶለት ታስሯል፣ ሞተሩ ተነስቷል፣ ሻንሲው በብሩሽ ሊቀባ ነው። ባለቤቱ ግን ከሻዩ ሲመለስ አዲስ ሐሳብ ይዞ መጣ፤ «ባሌስትራውንስ?» አለ። ቅጠሎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ሲፋተጉ ለሚውሉት ባሌስትራ ቀለም ሊያስጋግር! መካኒኩ መልስ አልሰጠም፣ ባሌስትራውን ጎትቶ መጋዘን አስገባና ቁልፉን ኪሱ ከተተው። በሰላም የሚመክረው ዘመድ ካለ ቶሎ ይድረስለት፣ ነገ የሚነሳ አይሱዙ አለ።