ሪህ የሆዳም ሰው ደዌ ነውን?

በሽታ ሁሉ ለታማሚው ሸክም ነው፤ ሐሜት የሚጨመርበት በሽታ ግን እጥፍ ሸክም ነው። ከዚህ ዓይነቱ ደዌ አንዱ ሪህ ነው። የእግሩ አውራ ጣት በሌሊት አብጦና ቀልቶ፥ የአንሶላ ጫፍ ሲነካው የሚጮኽ ሰው በታየ ጊዜ «ሥጋና መጠጥ አብዝቶ ነው» ይባላል። ሊጠይቅ የመጣው ጎረቤትም ፈራጅ ሆኖ ይመለሳል።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ዐቢዩን ጾም እስከ ሠርክ ይጾሙ ነበር፤ በፍስክም ወራት ቢሆን ከበዓል ቀን በቀር ሥጋ በገበታቸው ላይ አይታይም ነበር። ሆኖም ዕድሜያቸው ወደ 50 ሲጠጋ ሪህ ያዛቸው። ማሕሌት መቆም በተሳናቸው ጊዜ ከደብሩ ሰዎች አንዳንዶቹ «መምህር ጾሙን በስውር ይሽሩታል» እያሉ ያሟቸው ጀመር። ቃሉ ከጆሯቸው ሲደርስ አንዳች አልመለሱም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሕመሙ በተነሣ ቁጥር እስኪሻላቸው ድረስ ከቤት አይወጡም ነበር። አያቴም በዚያው ጣታቸው ይሠቃዩ እንደ ነበር ያወሳ ሰው አልተገኘም። ዛሬ ሐኪም በእኔም ደም ውስጥ የሪህን መነሻ ከልክ በላይ ስላገኘው፥ የነገሩን ምንነት መርምሬ ለአንባብያን ለማካፈል ወደድሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሪህ መነሻ ዩሪክ አሲድ የሚባለው ነገር ነው። ሰውነታችን ያረጁትን ሕዋሳትና የምንበላውን ምግብ ሲያፈርስ ፒዩሪን ከተባለው ንጥረ ነገር ዩሪክ አሲድ ይተርፋል። ብዙዎቹ አጥቢ እንስሳት ይህን ትራፊ የሚያፈርስ ኤንዛይም አላቸው፤ ሰው ግን የለውም። ስለዚህ ትራፊው በኩላሊትና በአንጀት በኩል መውጣት ይገባዋል። በደም ውስጥ በአንድ ዴሲሊትር ከ6.8 ሚሊግራም በላይ ሲሆን ግን እንደ መርፌ የሾለ ደቃቅ ክሪስታል እየሆነ በመገጣጠሚያ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ሕመሙ የሚነሣውም ከዚህ ነው። አልፍሬድ ጋሮድ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በሪህ በሽተኞች ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ መብዛቱን በ1848 ዓ.ም. አሳይቷል።

እንግዲህ የአንዱ ሰው ኩላሊት ትራፊውን በሚገባ ሲያስወጣ የሌላው ለምን ይይዘዋል? መልሱን ለመረዳት በብራና የሚጽፈውን ቁም ጸሐፊ እናስብ። ጸሐፊው ከመጽሐፉ አንዲት ፊደል ቢለውጥ፥ ከዚያ መጽሐፍ የሚገለብጡ ሁሉ ያችኑ ፊደል ይዘው ይሄዳሉ። ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ዘረ መልም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ ኤ.ቢ.ሲ.ጂ.2 የተባለው ዘረ መል ዩሪክ አሲድን ወደ ውጭ የሚያሻግር በር ይሠራል፤ በውስጡ አንዲት ፊደል ስትለወጥ በሩ የሚያሳልፈው የቀድሞውን ግማሽ ያህል ብቻ ይሆናል። ይህች ለውጥ በምሥራቅ እስያ ሕዝቦች ዘንድ ከ10 ቅጂ በ3ቱ ገደማ፥ በአውሮጳውያን ዘንድ ከ10 በ1ዱ ገደማ ትገኛለች፤ በአፍሪካ ግን እምብዛም አትታይም። ይህም ቢሆን አፍሪካዊ በሪህ አይያዝም ማለት አይደለም፤ በ2019 ዓ.ም. የታተመ ታላቅ ጥናት ከዩሪክ አሲድ መጠን ጋራ የተያያዙ 183 የዘር ሥፍራዎችን ቆጥሯልና።

ነገሩን ከሁሉ ይልቅ ግልጥ አድርጎ የሚያሳየን የኒው ዚላንድ ምድር ነው። በዚያ አገር ነባር በሆኑት በማኦሪዎች ዘንድ ሪህ ከአውሮጳ በመጡት ላይ ከሚታየው ሁለት እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ከሳሞአና ከቶንጋ ደሴቶች በመጡት ዘንድ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ብዙ ሰው ይህን በቢራና በስኳር ያመካኘዋል። ነገር ግን የፖሊኔዥያ ሕዝብ ቀደምት አባቶች ከነበሩት ወገኖች መካከል፥ በቫኑዋቱ አገር በኤፋቴ ደሴት ተቀብረው በተገኙ 3,000 ዓመት ገደማ በሆናቸው አፅሞች ላይ ሪህ የሚመስል ምልክት ታይቷል። በዚያ ዘመን የፈረንጅ ቢራም ስኳርም ወደ ደሴቶቹ አልደረሰም ነበር። ዛሬም ዩሪክ አሲድ ከሰውነት እንዳይወጣ የሚያደርጉ የዘር ልዩነቶች በእነዚህ ሕዝቦች ዘንድ በዝተው ይገኛሉ። ሆኖም ከማኦሪዎች ብዙዎቹ በሽታው የገዛ ጥፋታቸው እንደ ሆነ ስለሚነገራቸው አፍረው ሕመማቸውን ይሸሽጋሉ፤ በሽታው የበዛባቸው እነርሱ ሲሆኑ የሚከላከለውን መድኃኒት ሳያቋርጡ የሚያገኙት ግን ከሌላው ያነሱ ናቸው። ሐሜት እንዲህ አካል ያጎድላል።

ከዚሁ ከኒው ዚላንድ የተነሡ ሊቃውንት በአሜሪካ የሚኖሩ ከ16,000 የሚበልጡ የአውሮጳ ተወላጆችን መረጃ መርምረው ውጤቱን በ2018 ዓ.ም. አሳትመዋል። በሰውና በሰው መካከል ካለው የዩሪክ አሲድ ልዩነት ውስጥ የአመጋገብ ልማድ ያስረዳው ከመቶ 1 እጅ እንኳ አልሞላም፤ የዘር ልዩነት ያስረዳው ግን ከመቶ 24 እጅ ገደማ ነው።

ታዲያ «ዘሬ ነውና እንዳሻኝ ልብላ» ማለት ይገባልን? አይገባም። ቢራ፥ ጣፋጭ መጠጥና የሥጋ ብዛት የተዘጋጀውን እሳት ይቆሰቁሳሉ። በሌላ ወገን በ2004 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ሥጋና ዓሣ የሪህን አደጋ እንደሚጨምሩ፥ ወተት እንደሚቀንስ፥ ምስርን የመሰሉ ፒዩሪን ያለባቸው አትክልቶች ግን እንደማይጨምሩ አሳይቷል። ስለዚህ የጾም ገበታችንን ሽሮና ምስር በሪህ ስም መፍራት አያስፈልግም። ሆኖም የውኃ ጥም ሕመሙን ሊያነሣው ስለሚችል፥ በሪህ የሚታመም ጿሚ ከሐኪሙና ከነፍስ አባቱ ጋራ ይመካከር።

መድኃኒትም አለ። አሎፑሪኖል የተባለው የዩሪክ አሲድን መጠን ዝቅ ያደርጋል። ነገር ግን ከቻይናና ከታይላንድ ወገን በሆኑ ሰዎች ዘንድ በርከት ብሎ የሚገኝ አንድ የዘር ምልክት ያለበት ሰው ይህን መድኃኒት ሲወስድ ቆዳው ክፉኛ ሊላጥና ለሞት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ለጎረቤት የታዘዘውን ኪኒን ተበድሮ መዋጥ ከቶ አይገባም፤ አባትና አያት በምን ይታመሙ እንደ ነበርም ለሐኪም መንገር ይገባል።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ኀጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጌታን በጠየቁት ጊዜ፥ ጌታ ኀጢአቱን ከሁለቱም አራቀ። እኛም የታመመ ሰው ደጅ ስንደርስ «ምን በላህ?» ብለን አንጀምር። «እግዚአብሔር ይማርህ» ብለን ውኃውን እናቅርብለት፤ ወደ ሐኪምም እናድርሰው። የአባቱን ደዌ ከአባቱ ርስት ጋራ የተቀበለ ሰው ከወገኖቹ የሚጠብቀው ርኅራኄን እንጂ ፍርድን አይደለም።