ቀኑ ያለፈበት ፊልም

መድኃኒት ቀኑ ሲያልፍ ይጣላል፤ የታሸገ ምግብም እንዲሁ። የፎቶግራፍ ፊልምስ በካርቶኑ ላይ የተጻፈለት ቀን ካለፈ በኋላ ምን ይሁን? በሐዋሳ ከተማ ካሜራ የምንወድ ጥቂት ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ስናወጣና ስናወርድ ከርመናልና፣ ያገኘነውን ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ብናካፍል መልካም መስሎ ታየን።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ፊልም ማለት በስስ ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ጄላቲን ነው፤ በጄላቲኑ ውስጥ እጅግ ደቃቅ የብር ጨው ቅንጣቶች ተበትነዋል። ብርሃን የነካው ቅንጣት ለዐይን የማይታይ ምልክት ይይዛል፤ ማጠቢያው ውስጥ ሲገባም ወደ ጥቁር ብር ይለወጣል። ዘመንና ሙቀት ግን ብርሃን ያልነካውን ቅንጣት ሳይቀር ያበላሹታል። ስለዚህ አሮጌ ፊልም ሲታጠብ ሁለንተናው ጉም ይለብሳል፤ ብርሃን የመቀበል ኃይሉም ይደክማል። ፎቶ አንሺዎች በልማድ የያዙት መመሪያ አለ፤ ቀኑ ካለፈ በየ10 ዓመቱ ብርሃኑን እጥፍ አድርግ ይላል። 400 ተብሎ የተሸጠ ፊልም 20 ዓመት ካለፈው እንደ 100 ቆጥረው ያነሡበታል ማለት ነው።

ብርድ የፊልም ወዳጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 አንድሬ የተባለ ስዊድናዊ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በባሉን ወደ ሰሜን ዋልታ ሊሄድ ተነሥቶ በዚያው ቀረ። ከ33 ዓመት በኋላ፣ በ1930፣ አስከሬናቸውና ፊልማቸው በአንዲት የበረዶ ደሴት ላይ ተገኘ። ዮን ሄርትስበርግ የተባለ ባለሙያም በብዙ ጥንቃቄ አጥቦ ከ240ው 93 ሥዕል አዳነ። የእኛ ሐዋሳ ግን በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ከቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠ ፊልም የዋልታን በረዶ ከየት ያገኛል?

ይህን ለመፈተን፣ ከአንድ የተዘጋ ፎቶ ቤት የተረፉ ሦስት ጥቅል ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ይዘን ወደ አሞራ ገደል ወረድን። ቀናቸው ካለፈ 20 ዓመት ሆኗቸዋል። አንዱን በካርቶኑ ልክ፣ አንዱን በእጥፍ፣ አንዱን በአራት እጥፍ ብርሃን አነሣንበት። በመጨረሻው ላይ ዓሣ አጥማጆቹ፣ ጀልባዎቹ፣ የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቁት አባ ኮዳዎችም ተለይተው ወጡ። የልማዱ መመሪያ እውነት ነው።

ለማጠቢያ የተጠቀምነው ቡና ነው። ቀልድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ በሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም አንድ መምህርና ተማሪዎቹ ቡናና ሶዳ ፊልም እንደሚያጥቡ አሳይተዋል፤ ቪታሚን ሲ ኋላ የተጨመረ ነው። ለ1 ሊትር ውሃ 54 ግራም የማጠቢያ ሶዳ፣ 16 ግራም ቪታሚን ሲና 40 ግራም የሚሟሟ ቡና ይገባል፤ በ20 ዲግሪ 15 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ከዚያም ሥዕሉ እንዲጸና ሃይፖ ውስጥ ይነከራል። ሥራውን የሚሠራው በቡናው ውስጥ ያለው አሲድ ስለሆነ ርካሹ ቡና ይሻላል፤ የሲዳማን ቡና ለሲኒ ተዉት።

ይህን ሁሉ የተማርነው ለአንድ ጥቅል ስንል ነበር። በሠፈራችን ያሉ አንዲት እናት፣ መምህር የነበሩት ባለቤታቸው በ1989 ዓ.ም. ካረፉ ወዲህ ዜኒት ካሜራቸውን ሳይከፍቱ አስቀምጠው ኖረዋል። በውስጡ 36 ሥዕል የሚይዝ የቀለም ፊልም አለ። በሕፃንነቷ የሞተችባቸው ልጅ በዚያ ፊልም ውስጥ እንዳለች ያስባሉ፤ ሌላ ፎቶግራፍ የላትም። አንድ ጊዜ በተነሣ ፊልም ላይ ብርሃን መጨመር አይቻልም፤ ከታጠበ በኋላም ሁለተኛ ዕድል የለውም። “እማማ፣ ምንም ላይወጣ ይችላል፤ ከፈለጉ እንደ ተዘጋ ይቆይ” አልናቸው። “ልጆቼ፣ እሱስ ይቆይ፤ እኔ እስከ መቼ እቆያለሁ? እጠቡት” አሉን።

የቀለም ፊልም ሲያረጅ ቀለሙ ስለሚከዳ፣ እንደ ጥቁርና ነጭ አጠብነው። 31ዱ ጉም ብቻ ሆኑ። በአራቱ ላይ የሐይቁ ዳርና የሰዎች ጥላ ይታያል። በአንዱ ላይ አንዲት ሕፃን ቆማለች፤ ፊቷ አይለይም። እናቲቱ ያተምነውን ፎቶ ወደ መስኮቱ ይዘው ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። “እጇን ወደ ኋላ አድርጋ የምትቆም እሷ ናት” አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅንም።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሐዋሳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ዕድሜዋ ከአንድ ሰው ዕድሜ ብዙ አይበልጥም። ታሪኳም ከመዝገብ ቤት ይልቅ በየቤቱ መሳቢያ ይገኛል። ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንሄድ እንፈልግ። ፊልም ያለበትን ካሜራ ጀርባውን አንክፈት፤ ጥቅሉን ወደ ቆርቆሮው መልሰን፣ እርጥበት በማያስገባ ዕቃ አሽገን ማቀዝቀዣ ውስጥ እናኑረው። በውስጡ እነማን እንዳሉም ወላጆቻችንን ዛሬውኑ ጠይቀን እንጻፍ፤ ፊት የጠፋበትን ሥዕል የሚያነብ የሚያስታውስ ሰው ብቻ ነውና። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ሙቀቱ በየዓመቱ ድርሻውን ይወስዳል።