ከለቡ እስከ ጨው ውኃ፤ አንድ ቀን በጅቡቲ

ውድ አንባቢ፣ ባሕር አይተው ያውቃሉ? እኔ እስካለፈው ጥር ድረስ አላየሁም ነበር። ይሁን እንጂ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሰማያዊ ጠመኔ እየሣልሁ ስለ ወደብና ስለ ማዕበል ሳስተምር ሦስተኛ ዓመቴ ነው። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ባሕር ሽታ አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔ ግን የምመልስላት አጣሁ። ለጉዞ ያነሣሣኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

እኛ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰዎች ከባሕር በጣም የራቅን ይመስለናል። የሰፈራችን ስም ግን የሩቅ መገናኛ ስም ነው፤ የቀድሞ ሰዎች ያለ ሽቦ የሚሠራውን መላላኪያ «ንፋስ ስልክ» ብለው ጠርተውታልና። ዛሬ ደግሞ የጅቡቲ ባቡር መሳፈሪያ በለቡ በኩል ይገኛል። ይህ በኤሌክትሪክ የሚሄደው፣ ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መሥመር የተመረቀው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። አሮጌውማ ታሪኩ ረጅም ነው፤ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ።

መንገዱ በአብዛኛው ቁልቁል ነው። ከ2,200 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ ባሕር ጠለል ላይ የሚያበቃ ጉዞ በልብስ ይታወቃል፤ ቢሾፍቱ ላይ ሹራቤን፣ አዋሽ ላይ ኮቴን አወለቅሁ፤ ድሬዳዋ ስደርስ የሸሚዜን እጅጌ ጠቀለልሁ። ደወሌ ላይ ድንበሩን ተሻግረን ናጋድ ጣቢያ ወረድን። ከዚያ ወደ ከተማው የሚያስገባው ታክሲ ነው።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ሲየስታ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ሄድሁ። ምን ያደርጋል፤ ባሕሩ የለም! ውኃው ወደ ኋላ ሸሽቶ የቀረው እርጥብ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሸርጣኖች ይራወጣሉ። ጨረቃና ፀሐይ ውኃውን እየሳቡ በየቀኑ እንደሚያስሞሉትና እንደሚያጎድሉት ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ! በዓይኔ ሳየው ግን ከቤቱ ባለቤቱን እንዳጣ እንግዳ ደንግጬ ቆምሁ። ሽታው ግን ነበረ፤ የጨው፣ የዓሣና የረጠበ ገመድ ሽታ።

ለመዋኘት የሚሹ ከከተማው ወጥተው ወደ ዶራሌና ወደ ኮር አምባዶ፣ ወይም በጀልባ ወደ ሙሻ ደሴት ይሄዳሉ። እኔ አንድ ቀን ብቻ ስለ ነበረኝ ከተማውን መረጥሁ።

መካከለኛው አደባባይ በይፋ «ሰኔ 27» ይባላል፤ ጅቡቲ ነጻ የወጣችበት እ.ኤ.አ. የ1977 ቀን ነው። ሕዝቡ ግን አሁንም «ምኒልክ» ይለዋል። ዙሪያውን የዐረብ አሠራር ያላቸው ነጫጭ ቅስቶች ከበውታል። ትንሽ አልፎ የሐሙዲ መስጊድ አለ፤ በአጠገቡ ገበያው ይጀምራል። እዚያ በሶማሊኛ ዋጋ ይጠራል፣ በዓፋርኛ ሰላምታ ይሰጣል፣ በዐረብኛ ይማላል፣ በፈረንሳይኛ ሒሳብ ይደረጋል። እኔ በእጄ ምልክት ስከራከር ባለ ሱቋ በጥሩ አማርኛ «ወንድሜ፣ መጨረሻው ይኸው ነው» አለችኝ።

ከቀትር በኋላ ከተማው ይተኛል። ከእኛ አገር የሚመጣው ጫት ሲደርስ መንገዱ ለጥቂት ጊዜ በጥሩምባ ይናወጣል፤ ከዚያ ሱቁም ሰዉም ጭር ይላል። እኔም በየመኖች ዘይቤ ለሁለት ተሰንጥቆ በምድጃ የተጠበሰ ዓሣ ከትኩስ ቂጣ ጋር በልቼ ጥላ ሥር ዐረፍሁ።

ወደ ማታ ተመልሼ ወደ ዳርቻው ስወርድ ባሕሩ ሞልቶ ጠበቀኝ። በሩቁ የወደቡ ክሬኖች ይታያሉ፤ ወደ አገራችን ከሚገባውና ከሚወጣው ንግድ አብዛኛው በዚህ ያልፋል። ይህን እያሰብሁ ሳለ ዐሥራ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ጫማው በገመድ ታስሯል። «ጋሼ፣ ያ ማዶ የሚታየው የመን ነው?» አለኝ። ከወሎ በእግሩ ነው የመጣው።

የሚያየው ተራራ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ ገና የጅቡቲ መሬት መሆኑን ነገርሁት። በጣቴ አሸዋው ላይ ካርታ ሣልሁለት፤ ኦቦክን፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ጠባብ ባሕር፣ ከዚያ የመንን። የባሕሩ በር ባብ ኤል መንደብ ይባላል፤ ትርጉሙም የእንባ በር ነው አልሁት። በ2016 ዓ.ም. በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች በዚሁ ጠረፍ ሰጥመው ብዙ ወገኖቻችን እንዳለቁ ጨመርሁለት።

«ዋና ትችላለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሚሌን ተሻግሬአለሁ» አለኝ።

ያለኝን ፍራንክ ከፍዬ ሰጠሁት፤ ወደ ቤቱ ቢመለስም መከርሁት። አመስግኖኝ ሄደ። ወዴት እንደ ሄደ አላወቅሁም። የሣልሁትን ካርታ ማዕበሉ መጥቶ ጠረገው።

ውድ አንባቢ፣ ለመሄድ ቢያስቡ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይሂዱ፤ በበጋቸው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ፓስፖርትዎንና ፈቃድዎን አስቀድመው ያዘጋጁ፤ የባቡሩንም ቀን ጣቢያው ድረስ ሄደው ይጠይቁ። ዓርብ የዕረፍት ቀናቸው መሆኑን አይርሱ።

እኔም ክፍሌ ገብቼ ለተማሪዬ መለስሁላት፤ ባሕር ሽታ አለው። ከዚያም ሰማያዊውን ጠመኔ አንሥቼ እስከዚያ ቀን በመጽሐፉ ውስጥ በአንድ መሥመር የማልፈውን ባብ ኤል መንደብን ሣልሁ፤ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን ጻፍሁ፤ ክፍለ ጊዜውንም በሙሉ በእርሱ ላይ አስተማርሁ።