«ቀሪ» ብዬ የጻፍኩበት ልጅ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ ሻይ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ባለፈው ሳምንት ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። መርካቶ ሱቅ አለው። «ቲቸር እንዴት ሰነበቱ? ትልቋ ልጄ የቤት ሥራ ተሰጥቷት፣ አባዬ እኛ ሰፈር በምርጫ ማን ማን ተመርጦ ያውቃል ብላ ጠየቀችኝ። እርስዎ ነበሩ የሚያስተምሩን፣ ይንገሩኝ። ግን እንደ ድሮው ሳይሆን እውነቱን» ይላል። መጨረሻ ላይ ሳቂታ ፊት አለች። እኔ ግን አልሳቅኩም። «እንደ ድሮው ሳይሆን» ያለው ለምን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

መልሱን እዚሁ የምጽፈው ሌሎቻችሁም ያንን ዘመን ስለምታስታውሱ ነው። ስህተት ካለ እርሙኝ።

ከጥንቱ ልጀምር፣ ግን አላረዝመውም። በሀገራችን ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ የፓርላማ አባል መምረጥ የጀመረው ከ1948 በኋላ ነው። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ፈቀደ። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰው በስሙና በንብረቱ ነበር የሚወዳደረው። ንብረት የሌለው ዕጩ መሆን አይችልም። ያም ሆኖ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በዚያው ምርጫ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። አስተማሪ ነበሩና ይህቺን ሁልጊዜ ክፍል ውስጥ እናገራት ነበር። በደርግ ጊዜ ደግሞ ሰኔ 1979 ለብሔራዊ ሸንጎ መረጥን። ለአንድ ወንበር ከአንድ በላይ ዕጩ ይቀርብ ነበር፤ ዕጩዎቹን አጣርቶ የሚያቀርበው ግን ፓርቲው ራሱ ነው። አራት ዓመት ሳይቆይ ሸንጎውም መንግሥቱም አብረው ሄዱ።

አሁን የምናውቀው የምርጫ ክልል የሚነሳው ከ1987 ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 ወንበር፣ ከዚያ ውስጥ አዲስ አበባ 23። የ1987ቱን ዋና ዋና ተቃዋሚዎች ስላልገቡበት ኢሕአዴግ ወሰደው። በ1992ም ቢሆን ከተማው ብዙ አልተንቀሳቀሰም።

እዚህ ላይ የልጅቷ ጥያቄ ሲታይ ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። «እኛ ሰፈር» ስትል መርካቶን ነው። መርካቶ ማን ነው ታዲያ? አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን የቆሙበት ሰፈር ነው። ጉራጌው፣ ስልጤው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ትግሬው፣ ጋሞው፣ ሐረሪው አንድ በረንዳ ላይ የሚነግድበት ነው። መላ ከተማውን ብናይ የ1999 ቆጠራ አዲስ አበባ ላይ 2,739,551 ሰው አገኘ፤ ከዚህ ውስጥ አማራ 47 ከመቶ ገደማ፣ ኦሮሞ 19 ከመቶ ተኩል፣ ጉራጌ 16 ከመቶ፣ ትግራዋይ 6 ከመቶ ነው። ልብ በሉ፣ ከግማሽ በላይ የሆነ የለም። ሰው ተደባልቆ ነው የሚኖረው። ስለዚህ «የእኔን ብሔር ምረጡ» ብሎ አዲስ አበባ ላይ ወንበር ማግኘት ከባድ ነው። ኢሕአዴግም ይህን ስለሚያውቅ አዲስ አበባ ላይ ዕጩዎቹን ከአራቱ አባል ድርጅቶቹ ቀላቅሎ ነበር የሚያቀርበው።

ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ እንደ ከተማ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ወንበር የላትም። እዚያ የሚወከሉት ብሔር ብሔረሰቦች ናቸው። አባቱ ስልጤ እናቱ ጎጃሜ የሆነ የመርካቶ ልጅ ለፌዴራሉ መንግሥት ድምፁን የሚያሰማባት አንዲት ሳጥን ብቻ ናት። ያቺ ወረቀት ደግሞ ብሔርህን አትጠይቅህም። የቀበሌ መታወቂያው ይጠይቅ ነበር፤ እሷ ግን አትጠይቅም። ይህንን ክፍል ውስጥ ስናገር ልጆቹ ዝም ብለው ይሰሙኝ ነበር። ግማሾቹ ድብልቅ ነበሩና።

ወደ 1997 ልምጣ።

ያኔ የማታ ተማሪዎች ሲቪክስ አስተምር ነበር። ቀን ሲሸከሙ፣ ሲሸጡ፣ ሲጠግኑ ውለው ማታ ለብሰው የሚመጡ ልጆች። ይሄ ልጅ ከእነሱ አንዱ ነው። ሃያ ዓመት ሞልቶታል፤ አጎቱ ሱቅ ይሠራል። በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን የፓርቲዎች ክርክር አንድም አያመልጠውም ነበር። ማታ መጥቶ «ቲቸር፣ ትናንት እንዴት እንደመለሰለት አዩ?» ይለኛል። ትምህርቱን ትተን ክርክሩን የምንከራከርበት ማታ ይበዛል። እናንተም ታስታውሳላችሁ።

አንድ ቀን «ኧረ ቲቸር፣ ካርድ ምን ያደርጋል? እነሱ መሣሪያ አላቸው» አለኝ። እኔም ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ «ካርድ ከድንጋይም ከጥይትም ይበልጣል»። እርግጠኛ ሆኜ ነው የጻፍኩት። በማግስቱ ሄዶ ካርድ አወጣ።

ሚያዝያ 30 መስቀል አደባባይ የወጣውን ሕዝብ ያየ አይረሳውም። ግንቦት 7 ደግሞ እኔ የምርጫ ጣቢያ አስፈጻሚ ነበርኩ። ሰው ሌሊት ነው የተሰለፈው። ሐጂው፣ ቄሱ፣ ወዛደሩ፣ ባለ ሱቁ፣ ሽሮ ሻጯ እማማ፣ ሁሉም በአንድ ሰልፍ። ጨለማ ሆኖም ያላለቀ ሰልፍ ነበር። ቆጥረን ውጤቱን ግድግዳው ላይ ስንለጥፍ በባትሪ እያበሩ የሚያነቡ ሰዎች ነበሩ። ቅንጅት 23ቱንም የአዲስ አበባ ወንበር ወሰደ። ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበር ደግሞ 137ቱን። ልጁ ሰኞ ማታ ክፍል ገብቶ ቀለም የተቀባ ጣቱን አሳየኝ። ምንም አላለም፣ ጣቱን ብቻ።

ቀሪውን ታውቁታላችሁ። ሰኔ 1 ተኩስ ነበር። ጥቅምት 1998 እንደገና። ምክር ቤቱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የሞቱትን ሲቪሎች 193 ብሎ ቆጠራቸው። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፤ የተፈቱት ሐምሌ 1999 ነው። ያ 137 ሰው የተመረጠለት የከተማ ምክር ቤት ሥራ ሳይጀምር ቀረ፤ ከተማዋን ባለአደራ አስተዳደር ያዛት። በ2000 በተደረገው ምርጫ ደግሞ ወንበሩን ከሞላ ጎደል በሙሉ ኢሕአዴግ ወሰደው። በሦስት ዓመት ውስጥ፣ ያው ከተማ፣ ያው ሕዝብ።

ልጁ በጥቅምቱ አፈሳ ተወሰደ። ድንጋይ አልወረወረም፤ ሱቅ እየዘጋ ነበር ነው የሚባለው። ደዴሳ እንደሄደ ጓደኞቹ በጆሮዬ ነገሩኝ። እኔ ደግሞ ማታ ማታ ስም እጠራለሁ። ስሙ ጋ ስደርስ ክፍሉ ጸጥ ይላል። የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን «ቀሪ» ብዬ እጽፋለሁ። በማግስቱም «ቀሪ»። ከአርባ ቀን በላይ። ሌላ ነገር መጻፍ ፈራሁ። እውነቱ ይኸው ነው።

ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ከስቶ ተመለሰ። በቀሪ ብዛት ከትምህርት እንደተሰረዘ ተነገረው። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አንድ ቃል መናገር እችል ነበር፤ አልተናገርኩም። ሲወጣ ኪሱ ገብቶ የምርጫ ካርዱን አወጣና «ቲቸር፣ ይሄን ልመልስልዎት?» አለኝ። በንዴት አልነበረም። ጥያቄ ነበር። ምንም አልመለስኩለትም። ካርዱን መልሶ ኪሱ ከቶ ሄደ።

እንግዲህ የቤት ሥራው ይቀጥላል።

በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ወሰዱ። የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ከቦንጋ በግል የተወዳደሩት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ናቸው። ሌላው የመድረኩ አቶ ግርማ ሰይፉ፣ ከየት መሰላችሁ? ከመርካቶ! በዚያ ሁሉ አንድ ለአምስት መሀል፣ በመላ ሀገሪቱ አንዲት የተቃዋሚ ፓርቲ ወንበር የወጣችው ከዚያ ሰፈር ነው። ልጅህ ይህንን ትጻፈው። አቶ ግርማ አምስት ዓመት ሙሉ ብቻቸውን እጃቸውን ሲያወጡ አይተናል። ኋላ በ2014 የከተማው አስተዳደር የኢንቨስትመንት ኮሚሽነር አድርጎ ሾማቸው። ሰውም ጊዜም ይለዋወጣል።

በ2007 ያቺም አንዲት ወንበር ሄደች። ኢሕአዴግና አጋሮቹ ሁሉንም ያዙ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። ፓርላማ ውስጥ አንድም ተቃዋሚ አልነበረም፤ ተቃውሞው መንገድ ላይ ነበር።

በ2013 ሰኔ 14 ተሰለፍኩ። የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢዋ ያኔ ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ፤ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ከታሰሩት አንዷ። ይሄ ለእኔ ትንሽ ነገር አልነበረም። አቶ እስክንድር ነጋም እስር ቤት ሆነው በፍርድ ቤት ውሳኔ ዕጩ ሆነው ቀረቡ። ውጤቱ ሲወጣ ግን ከ23ቱ ብልጽግና 22ቱን፣ አንዱን በግል የተወዳደሩት ዲያቆን ዳንኤል ክብረት ወሰዱ።

አሁን ቁጥሮቹን በተርታ አስቀምጧቸው፤ 23 ለ0፣ 22 ለ1፣ 23 ለ0፣ 22 ለ1። እንደ ተማሪዎቼ ልጠይቃችሁ፤ አዲስ አበባ ሁልጊዜ በአንድ ድምፅ ነው የምትናገረው? አይደለም።

ሕገ መንግሥቱ በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ወንበሩን ይወስዳል ይላል። መቶ ሰው መረጠ እንበል። አንዱ 40፣ ሌላው 35፣ ሦስተኛው 25 አገኘ። ወንበሩ የ40ው ነው፤ የ60ው ሰው ድምፅ እዚያው ቀረ። ይህ በሌላ አካባቢም አለ። አዲስ አበባ ላይ የሚብሰው ሰው በመደባለቁ ነው። እያንዳንዱ የምርጫ ክልል ከሞላ ጎደል የከተማዋ ትንሽ ግልባጭ ነው። ኮልፌ የነፈሰ ንፋስ ቦሌም ይነፍሳል። ስለዚህ በሁሉም ቦታ በትንሽ የሚበልጥ ወገን ሁሉንም ጠቅልሎ ይወስዳል። በ1997 ይህ ቅንጅትን ጠቀመ፤ ያኔ አላማረርንም። በኋላ ሌላውን ጠቀመ። በ2010 ገደማ ፓርቲዎች ቅይጥ የሚባል ሥርዓት ለማምጣት ተነጋግረው ነበር፤ ወደ ሥራ ግን አልገባም።

ሕጉ ብቻ ነው ጥፋተኛው እያልኩ አይደለም። ፍርሃቱ፣ እስሩ፣ አንድ ለአምስቱ ሁሉ አለበት። ግን መደባለቃችን በረንዳ ላይ በረከት ሆኖ ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ ለምን እንደሚጠፋ ብዙ ሰው አይጠይቅም። ልጅህ ብትጠይቅ ደስ ይለኛል።

በመጨረሻ፣ ለአንተ። ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ።

ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ልክ አልነበረም። ካርድ ከጥይት አይበልጥም። ካርድን ከጥይት የሚያስበልጠው ሌላ ብዙ ሰው ነው፤ ዳኛው፣ ቆጣሪው፣ ጋዜጠኛው፣ ስም ጠሪውም። ካርዱ የሚሠራው እነዚህ ሁሉ በየቦታቸው ሳይፈሩ ሲቆሙ ነው። ያን ጊዜ አንተ ካርድህን ይዘህ ቆመሃል። እኔ ቦታዬ ላይ አልቆምኩም። አርባ ጊዜ «ቀሪ» ብዬ የጻፍኩት በአንተ ስም ነው እንጂ የቀረሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ። ሃያ ዓመት ዘግይቷል፤ ቢሆንም።

ለልጅህ ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ስጣት። የመርካቶዋን አንዲት ወንበር እንዳትረሳ። ስለ ደዴሳ ትንገራት አትንገራት የአንተ ጉዳይ ነው። እኔን ከጠየቅከኝ ግን ንገራት እላለሁ፤ ያለሱ የቤት ሥራው ጎዶሎ ነው። አስተማሪዋ ከፈለገች ስልኬን ስጣት፣ መጥቼ ክፍሏ ውስጥ እናገራለሁ።

ያ ካርድ እስካሁን ካለህ ደግሞ አትመልስልኝ። ለእሷ አሳያት።

ሌሎቻችሁ የዚያ ዘመን የማታ ተማሪዎች፣ የምታስታውሱትን ከታች ጻፉልኝ። ቁጥር የተሳሳትኩ ካለም አርሙኝ፤ ማርክ አልቀንስም።