ኮከብ መሰብሰብና ሒሳብ ማወቅ

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ሲሉ የተናገሩት ቃል ለአብነት ተማሪ ብቻ የተነገረ ይመስለን ነበር። በቤታችን የደረሰው ነገር ግን ይህ ምክር በእጅ ስልክ ሒሳብ ለሚማር ሕፃን፣ ይልቁንም ለወላጆቹ የሚገባ መሆኑን አስረዳን።

ልጃችን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች የክፍልፋይ ትምህርት ጀመረች። እኛ ባልና ሚስት ከሥራ ደክመን የምንገባ ስለ ሆንን፣ ሒሳብን በጨዋታ መልክ የሚያስተምር አንድ ፕሮግራም በስልካችን ላይ ጫንንላት። ፕሮግራሙ ጥያቄ ያቀርባል፤ አራት መልሶች ይደረድራል፤ ትክክለኛውን ለነካ ልጅም ደወል አሰምቶ ኮከብ ይሸልማል። ልጃችን በአንድ ወር ውስጥ ከሁለት መቶ የሚበልጥ ኮከብ ሰበሰበች። ደስታችንም እጅግ ታላቅ ነበር፤ ዘመድ በመጣ ቁጥር ስልኩን እያሳየን «ይህች ልጅ የሒሳብ ሊቅ መሆኗ አይቀርም» እስከ ማለት ደረስን።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ለቁርስ በተቀመጥን ጊዜ እናቷ መጠናቸው እኩል የሆኑ ሁለት ዳቦዎች አቀረበች፤ አንዱን ለሦስት፣ ሁለተኛውን ለአራት ልትቆርስ አስባ ነበር። ቢላዋውን ከማንሣቷ በፊት «ከዚህኛው አንድ ሦስተኛውን ትወስጃለሽ፣ ወይስ ከዚያኛው አንድ አራተኛውን?» ብላ ልጅቱን ጠየቀቻት። እርሷም ሳታመነታ «አንድ አራተኛውን! አራት ከሦስት ይበልጣል» ስትል መለሰች። ሲሶውን ታናሽ ወንድሟ ወሰደ። ዳቦው ተቆርሶ የወንድሟ ድርሻ ከእርሷ በልጦ ባየች ጊዜ ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ «እኔ እኮ ሁልጊዜ ኮከብ ነው የማገኘው!» አለች።

ያን ጊዜ እኛ አፈርን። ጤፍ ስንገዛ ከጆንያው እፍኝ ዘግነን ሳናይ ገንዘብ የማናወጣ ሰዎች፣ ለልጃችን መምህር አድርገን ያስገባነውን ነገር ግን አንዲት ማታ እንኳ ተቀምጠን አልመረመርነውም ነበር።

በዚያው ሌሊት ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ሆን ብለን የተሳሳተ መልስ እየነካን ፕሮግራሙን ፈተንነው። ስሕተት ሲነካ ቀይ ምልክት ያሳያል፤ ጥያቄውንም እንደ ገና ያቀርባል፤ መልሱ ስለ ምን ስሕተት እንደ ሆነ ግን አንዲት ቃል አይናገርም። አራቱን መልሶች በተራ የነካ ሁሉ ሒሳብ ባያውቅም ኮከቡን ማግኘቱ አይቀርም። ከዚህም በላይ ሰዓት እየቆጠረ ያጣድፋል፤ የሚጣደፍ ሕፃን ደግሞ ከማሰብ ይልቅ መገመትን ይመርጣል።

ከዚያ ወዲህ ሌሎችን በዚሁ ዐይነት መመርመር ጀመርን። ካን አካዳሚ የተባለው ድርጅት ለትርፍ የቆመ አይደለም፤ መነሻውም ሳልማን ካን የተባለ ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. ለአንዲት ዘመዱ በሩቅ ሆኖ ሒሳብ ማስረዳቱ ነው። ልጁ መንገዱ በጠፋበት ጊዜ ፍንጩን ደረጃ በደረጃ ይገልጥለታል። ይህ መልካም ነው፤ ሆኖም ፍንጩን እስከ መጨረሻው የገለጠ ልጅ ሳያስብ ከመልሱ ሊደርስ ስለሚችል ጠባቂ ያስፈልገዋል።

ፌት የሚባለውን ደግሞ በ2001 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ካርል ዋይማን በ2002 በአሜሪካ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ መሠረቱት። በዚህኛው ላይ ልጁ አንዱን ክብ በገዛ እጁ ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት እየከፈለ ቁራሹ ሲያንስ ያያል። አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ፣ መስመር በሚቋረጥበት ቤትም ያገለግላል። ነገር ግን አጠገቡ ሆኖ «አሁን ምን አየህ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ካላገኘ፣ ልጁ ቅርጽ ሲለዋውጥ ሊውል ይችላል።

የቋንቋም ነገር አለ። ልጃችን በእንግሊዝኛ «ሞር» የምትለዋን ቃል ባየች ቁጥር መደመር ይመስላት ኖሯል። አንዱ 12፣ ሌላው 8 ብርቱካን ቢኖራቸው በስንት እንደሚበላለጡ በእንግሊዝኛ ስታነብ 20 ብላ መለሰች፤ ያንኑ በአማርኛ ስንጠይቃት ግን ወዲያው 4 አለች። እንግዲህ ያስቸገራት ሒሳቡ ሳይሆን ንባቡ ነበር። በኢንችና በፓውንድ የተዘጋጀ ጥያቄም በሜትርና በኪሎ ላደገ ልጅ እንዲሁ ሌላ ሸክም ይጨምርበታል።

ስለዚህ አሁን ማናቸውንም ፕሮግራም ለልጆቻችን ከመስጠታችን በፊት አራት ነገር እንጠይቃለን። ስሕተቱን ያስረዳልን? ሳያጣድፍ ያሳስባልን? ቁጥሩን በሚታይ ነገር ያሳያልን? ጥያቄውስ ልጁ በሚገባው ቋንቋና መስፈሪያ የቀረበ ነውን? ከእነዚህም በኋላ ስልኩን ዘግተን፣ ልጁ የተማረውን በባቄላ ወይም በወረቀት እንዲያሳየን እናደርጋለን። ይህን ማድረግ ከቻለ በእውነት ተምሯል፤ ካልቻለም የሰበሰበው ኮከብ ስለ እርሱ አይመሰክርለትም። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው በቀን ሩብ ሰዓት ያህል ከልጅ ጋር መቀመጥ ነው፤ እኛም ቀድሞ የነፈግናት ይህንኑ ነበር።

በቅርቡ ልጃችን ከወንድሟ ጋር ማዕድ ቤት ተቀምጣ «ዳቦው ለብዙ ሰው በተቆረሰ ቁጥር የአንዱ ድርሻ ያንሳል፤ ስለዚህ የታችኛው ቁጥር ትልቅ ሲሆን አትታለል» እያለች ስታስረዳው ሰማናት። ስንት ኮከብ እንዳላት ግን ከዚያ ወዲህ ጠይቀናት አናውቅም።