ልጁ ቀን ባያውቅስ?

ዛሬ ሲቀላ ገበያ የነበራችሁ አይታችኋል። የሙዝ ሻጯ ልጅ፣ ያ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ የሚወዛወዘው፣ ቀን ከነገሩት ዕለቱን ይናገራል። አንድ ባለባጃጅ «መስከረም 1 ቀን 2000!» አለው። ቀና ሳይል «ረቡዕ»። ሚሊኒየሙን ማን ይረሳል፣ ረቡዕ ነበር! አንዷ የሠርጓን ቀን ስትጠይቀው ባሏ ገና ሲያስብ ልጁ መልሶ ጨረሰ። እንዴት እንደሳቅን!

«እኛ ከአንጎላችን አሥር በመቶውን ብቻ ነው የምንጠቀመው፣ እሱ ግን መቶውንም» ያልከው ወንድሜ፣ ይሄ ወሬ ውሸት ነው። አንጎል ከክብደታችን 2 በመቶ ያህል ቢሆን ነው፤ ከጉልበታችን ግን 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ሥራ የፈታ አካል እንዲህ አይበላም። የልጁ ነገር ሳቫንት ሲንድረም የሚሉት፣ የእድገት ችግር ባለበት ሰው ላይ በአንድ ነገር ለየት ያለ ችሎታ የሚታይበት ሁኔታ ይመስለኛል። ስሌቱን እዩት፦ ከጳጉሜ በቀር የእኛ ወር 30 ቀን ነው፣ አራት ሳምንት ከሁለት ቀን። መስከረም 1 ረቡዕ ከዋለ ጥቅምት 1 ዓርብ፣ ኅዳር 1 እሑድ ይውላል። የባሕረ ሐሳብ መምህራን ለደቀ መዛሙርት የሚያስተምሩትን ስሌት ይሄ ልጅ፣ እናቱ እንደምትለው፣ ማንም ሳያሳየው ነው የደረሰበት። ድንቅ ነው፣ ከልቤ ነው የምለው።

ግን እናቱን ያያት አለ? እኛ ስናጨበጭብ እሷ አቀርቅራ ነበር። አምና «የምን እርግማን ነው?» ሲሏት የነበሩት እኮ እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

የእህቴ ልጅም ኦቲዝም አለበት፤ አይናገርም። ቀን አያሰላም፣ ሥዕል አይስልም። ደስ የሚለው የጀሪካን ክዳን መሬት ላይ ማሽከርከር ነው፤ ክዳኑ ሊቆም ሲል በጣቱ ነካ ያደርገዋል፣ እንደገና ይዞራል፣ ይስቃል። አንድ ትምህርት ቤት «ሌሎቹን ይረብሻል» ብሎ መለሰው። እህቴ ዩኒፎርሙን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ይሄ ሳያንስ አንድ ዘመድ ቡና ላይ «የእሱስ ተሰጥኦ ምንድን ነው?» አላት። ስኒውን አስቀምጣ ወጣች።

ተሰጥኦ የግድ ነው እንዴ? ኦቲዝም ካለባቸው ከአሥሩ በአንዱ ገደማ ነው እንዲህ ያለ ችሎታ የሚታየው። ዘጠኙን የት እናድርሳቸው? ደግሞ ተሰጥኦ ያለውም ቢሆን ሰው ያስፈልገዋል። «ሬይን ማን» ለተባለው ፊልም መነሻ የሆነው ኪም ፒክ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በቃሉ ይዞ ሸሚዙን መቆለፍ ይቸግረው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የደገፉት አባቱ ናቸው።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ልጃቸው ኦቲዝም ስላለበት እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ጓዳ ተደብቀው ለሚውሉ ልጆች በር ተከፈተ። ልጅ እንዲማር ልጅ መሆኑ ይበቃዋል!

ለመስከረም ዩኒፎርሙን ከሣጥን እናወጣዋለን። ለምዝገባው እኔም አብሬ እሄዳለሁ። የሚመልሰን ካለ ፊት ለፊት ይንገረን። በቃ።